ሯጩና ጉልበተኛው

አማርኛ ስለ ጉልበት ሲናገር ጠንቃቃ ነው። ብርቱውን ሰው ሲያደንቅ «ጉልበታም» ይለዋል። ቃሉን በጥቂቱ ዘወር አድርጎ «ጉልበተኛ» ሲለው ግን ያው ብርቱ ሰው ጎረቤቱን የሚያስጨንቅ፣ በገበያ መካከል የደካማውን ድርሻ የሚነጥቅ፣ በመንደሩ ውስጥ በክንዱ የሚኖር ይሆናል። ክንዱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚነገረው ስለ ጉልበታሙ ነው። ጉልበተኛው ከዚሁ ታሪክ አጠገብ መቆሙ፣ አንዳንዴም የሯጩን እጅ ይዞ መጓዙ ብዙ አልተተረከም።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ቢጀመር ይቀላል። ከእንጦጦ ጋራ ማዶ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል። ጎሕ ሲቀድ ውርጩ ገና ከሣሩ ሳይለቅ ወጣቶች በሰልፍ ይሮጡበታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ ከሩጫ ያገኙትን ገንዘብ ይዘው በዚሁ አካባቢ የልምምድ ማዕከልና የመሮጫ ሜዳ አሠርተዋል። ፍጥነት የሚፈለግበት ልምምድ ሲሆን ደግሞ ሯጮቹ በአውቶቡስ ተጭነው ዝቅ ወዳለው አገር፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ይወርዳሉ። በምዕራብ በኩል፣ በአምቦ መንገድ፣ የገፈርሳን ግድብ ተንተርሳ ቡራዩ ትገኛለች። እነዚህ ሦስት ከተሞች ዋና ከተማዋን እንደ ቀለበት ከከበቧት መካከል ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ተጠቃልለው «ሸገር» በሚባለው አዲስ ከተማ ሥር ገብተዋል። ማሳው ወደ ፋብሪካና ወደ ቪላ ሲለወጥ፣ ገበሬው ካሳውን ጨርሶ ዘበኛ ሲሆን፣ የመሬት ደላላ ከሁሉ በላይ ሲከብር የታየውም በእነዚሁ ከተሞች ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ወጣቶች ይተላለፋሉ፦ አንዱ ይሮጣል፤ ሌላው ሥራ ፈትቶ ከድልድይ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። አባቶቻቸው ምናልባት በአንድ ደቦ ያረሱ ናቸው።

ሁለተኛውን ወጣት ሰብስቦ ዱላ የሚያስይዘው ብዙ ነው። ጥያቄው የመጀመሪያውንስ፣ ሯጩንስ፣ ማን ዱላ አስይዞት ያውቃል የሚለው ነው።

በሌላው ዓለም መልሱ ቀላል ሆኖ ይገኛል። በቡልጋሪያ የሶሻሊስቱ መንግሥት ሲወድቅ በመንግሥት ደመወዝ ሲቀለቡ የኖሩት የትግልና የክብደት ማንሣት ስፖርተኞች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ቀሩ። ደንዳና አንገትና ሥራ የፈታ ክንድ ይዘው «የኢንሹራንስ» ድርጅት አቋቋሙ፤ ይኸውም ሱቅህ እንዳይቃጠል ክፈለኝ፣ ካልከፈልህ እኔው አቃጥለዋለሁ የሚል ኢንሹራንስ ነበር። ከእነዚህ አንዱን የመሠረተው ቫሲል ኢሊየቭ የተባለ ትግለኛ በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሶፊያ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። በሩሲያም የቦክስና የትግል ክበባት በዚያው ዘመን ለወሮበላ ጓዶች የሰው ምንጭ ሆነው ነበር። በዚያ አገር ስፖርተኛው ወደ ወሮበላው የሄደው መንግሥት ሲጠፋ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ሯጩን ከታጠቀ ቡድን መካከል ያቆመው መንግሥት ራሱ ነበር።

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሩጫ የተወለደው በጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሯጮቹን የመለመለው ከክብር ዘበኛ ነበር። ሻምበል አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ማሞ ወልዴም እንዲሁ። ኋላም ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ከአየር ኃይል ወጣ። ለድኻ ገበሬ ልጅ ቀለብ፣ ጫማ፣ ሐኪምና የማለዳ ፊሽካ የሚገኘው ከሰፈሩ ነበርና ይህ የሚያስገርም አይደለም። ሰፈሩ ግን ቀለብ ብቻ አይሰጥም፤ ትእዛዝም ይሰጣል። አበበ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ብዙም ሳያልፍ፣ በታኅሣሥ 1953፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር ዙፋኑን ለመገልበጥ ተነሡ። ተራው ወታደር የት እንደሚሄድ፣ በማን ላይ እንደሚተኩስ በውል ሳያውቅ ከሰፈሩ ወጣ። ሙከራው ከሸፈ፤ ጄኔራሉ መጋቢት ላይ በአደባባይ ተሰቀሉ። የሮሙ ጀግናም ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ከተጠየቀ በኋላ ተለቀቀ። በዓለም ላይ የታወቀ ስሙ ረድቶት ይሆናል፤ ስማቸው ያልታወቀ ጓደኞቹ እንደሱ አልቀለላቸውም። ከዚህ የሚወሰደው አንድ ነገር ነው፦ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ያለ ወታደርም ወታደር ነው፤ ሲጠሩት ይሄዳል።

ማሞ ወልዴ በዚያ ታኅሣሥ ከከተማው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በ1952 ወደ ኮንጎ ከዘመተው ሰላም አስከባሪ ጦር ጋር በመሄዱ የሮም ኦሊምፒክም አምልጦታል። የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቅ ገጠር ነው። አገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በሜልቦርን በ1949 ሮጧል፤ ያኔ ግን የሮጠው 800ና 1,500 ሜትር፣ እንዲሁም ዱላ ቅብብል ነበር፤ ውጤቱም የሚያወሱት አልነበረም። ዓመታት የወሰደ፣ በአበበ ጥላ ሥር ያደገ ሯጭ ነው። ጥላው የተነሣው በሜክሲኮ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 1961 በ10,000 ሜትር በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ተቀድሞ ብር አገኘ። በሳምንቱ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ በማራቶን መካከል የታመመው አበበ ሲያቋርጥ አደራው በማሞ ላይ ወደቀ። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ብቻውን ስታዲየም ገባ። የኢትዮጵያ ሦስተኛው ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ይህ ነው። በጳጉሜን 5 ቀን 1964፣ ከሮሙ ድል ልክ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ አርባ ዓመቱን ሞልቶ በሙኒክ ነሐስ ወሰደ። ከኋላው በግማሽ ደቂቃ ልዩነት አራተኛ የገባው ኬኒ ሙር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የዚህ ሰው ስም በኋላ ይመለሳል።

አበበ መጋቢት 1961 በመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ሞተ። አብዮቱ የፈነዳው በዚያው ዓመት ነው። አበበ ከታሪክ ፍርድ በጊዜ ወጣ፤ ማሞ ቀረ።

በ1969ና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ምን እንደ ሆነች በዕድሜ የገፋ አንባቢ ያውቃል፤ ወጣቱ ግን ሊነገረው ይገባል። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን እየሰባበሩ በ«ጸረ አብዮቶች» ላይ ቀይ ሽብር አወጁ። ኢሕአፓ በበኩሉ በከተማ ውስጥ የቀበሌ ሹሞችንና ካድሬዎችን ይገድል ነበር። ደርግ ለመልሱ ጦር ሠራዊቱን ብቻ አልተጠቀመም፤ መሣሪያውን ለቀበሌና ለከፍተኛ ማኅበራት፣ ለአብዮት ጥበቃ ጓዶች አከፋፈለው። «ነጻ እርምጃ» የሚል ሐረግ ተፈጠረ። ሐረጉን ማስተዋል ያሻል፦ እርምጃው ነጻ የሆነው ከሕግ ነው። ያለ ክስ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ መዝገብ፣ በሌሊት ከቤቱ የተወሰደ የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጠዋት መንገድ ዳር ወረቀት ተለጥፎበት ይገኝ ነበር። እናቱ እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀም አለ። ወሮበላ ማለት በጨለማ መጥቶ ሰው የሚወስድና ለወሰደው ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነ፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ማኅተም ያለው፣ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ የሌሊት ተረኛ ያለው ወሮበላ በየሰፈሩ ተቋቁሞ ነበር ለማለት የሚያስደፍር ነው። ብዙዎቹ አባላት በሌላ ዘመን ቢሆን በዕድርና በእቁብ የሚገናኙ ጎረቤታሞች መሆናቸው ነገሩን ያከፋዋል እንጂ አያቀልለውም።

እንዲህ ያለ ድርጅት አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ክብር። ጠብመንጃ ከደርግ ያገኛል፤ ክብርን ግን ከሰፈሩ ሰው መዋስ አለበት። ሻምበል ማሞ ወልዴ ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ ሕፃናት የሚከተሉት፣ ሽማግሌ ከመቀመጫው የሚነሣለት ሰው ነበር። መኮንን ነው፤ ትእዛዝ ያውቃል። በቀበሌው የኃላፊነት ቦታ ያዘ። በፈቃዱ ይሁን በግዴታ፣ በእምነት ይሁን በፍርሃት፣ ማንም በእርግጠኝነት አይነግረንም፤ በዚያ ዘመን እምነትና ፍርሃት በአንድ ኮት ኪስ ውስጥ ይኖሩ ነበርና። ከዚያም በ1970 አንድ ሌሊት፣ በአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግድያ ሥፍራ ላይ ተገኘ።

መገኘቱን ራሱም አልካደም። የካደው መግደሉን ነው። ከበላዩ በመጣ ትእዛዝ ወደ ሥፍራው እንደ ተጠራ፣ ልጁን ሌላ ሰው አስቀድሞ እንደ መታው፣ እሱም ተኩስ ሲባል ሆን ብሎ እንደ ሳተ ተናገረ። የከሳሾቹ ምስክሮች ሌላ ተናገሩ። የዚያ ሌሊት እውነት ከጥይቱ ጋር የሄደ ቢመስልም፣ ከማሞ ቃል ውስጥ የማይናወጥ አንድ ነገር አለ፦ ሽጉጥ ይዞ በመጡት መካከል ቆሞ ነበር። የሳተ እጅም ቢሆን ከሚተኩሱት እጆች ጋር ተቆጥሯል። ለልጁ በመጨረሻይቱ ሰዓት ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ስንቶቹ ለመሳት እንደመጡ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ምናልባትም ከመካከላቸው አንዱን ከጋዜጣ ፎቶግራፍ ያውቀው ነበር።

ደርግ ግንቦት 1983 ወደቀ። በ1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ከታሰሩት ከሁለት ሺህ ያላነሱ ሰዎች መካከል ማሞ ወልዴ አንዱ ሆነ። ዓመታት ያለ ፍርድ አለፉ። ስለ ማሞ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ጠየቀ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ያለ ፍርድ መታሰሩን ነቀፈ። ከሁሉ በላይ የጮኸለት ግን በሙኒክ በግማሽ ደቂቃ ተቀድሞ ነሐሱን ያጣው ኬኒ ሙር ነበር፤ ጋዜጠኛ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ መጣ፣ እስር ቤት ገብቶ አነጋገረው፣ ጻፈለት። ይህ የሚያስመሰግን ወዳጅነት ነው። ሆኖም በሚዛን ሌላው ወገን ላይ የተቀመጠው ልጅ ኦሊምፒክ አልሮጠምና ከባሕር ማዶ የሚጽፍለት ሰው አልነበረውም። የእሱ ጠበቃ ቤተሰቡና አንድ የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ብቻ ነበሩ። ስለ ማሞ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች የልጁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው የጸሐፊዎቹ ክፋት ባይሆንም ጉድለታቸው ነው።

ወደ ከተማው ዳርቻ እንመለስ። ጦር ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን ስፖርቱን የተሸከሙት ክለቦችም አብረው ተናጉ። የቡልጋሪያው ታሪክ እዚህም ሊደገም ይችል ነበር፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሥራ የፈታ ወታደር በየመንገዱ ነበርና። ሯጩ ግን ወደ ወሮበላው አልሄደም። ምክንያቱ የሥነ ምግባር ልቀት ነው ማለት ደስ ቢልም ዋናው ምክንያት የገንዘብ አቅጣጫ ይመስላል። ትግለኛ ጉልበቱን የሚሸጠው ፊት ለፊቱ ላለ ሰው ነው፤ የማራቶን ሯጭ ግን የሚሸጠው ለበርሊን፣ ለቦስተን፣ ለቶኪዮ ጎዳና ነው። ጎረቤቱን በማስፈራራት የሚያገኘው ከሁለት ሰዓት ሩጫ ከሚያገኘው ያንሳል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 በባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ የተነሣው ትውልድ «ሻለቃ»ና «ኮሎኔል» የሚሉ ማዕረጎችን ቢይዝም እንጀራው ከሰፈር ውጪ ሆነ።

ገንዘቡ ግን ወደ አገር ይመለሳል፤ መሬትም ይሆናል፣ ሕንፃም ይሆናል። ያን ጊዜ ጉልበተኛው በሌላ በር ይመጣል። አሁን ሯጩን ዱላ አያስይዘውም፤ ከሯጩ ይቀበለዋል። አንዱ በር የመድኃኒት ንግድ ነው። ኢፒኦ የተባለው ደም አብዢ መድኃኒት ለኩላሊት ሕመምተኛ የተሠራ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በእጅ ወደ ሯጭ የሚያደርሰው ሰንሰለት የትም አገር ቢሆን የኮንትሮባንድ ሰንሰለት ነው። በ2008 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያን ከሞሮኮ፣ ከኬንያ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር በምርመራ ድክመት አስጊ ከተባሉት አምስት አገሮች አንዷ አድርገው ጠሩ፤ ብሔራዊው የፀረ አበረታች ቅመሞች ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው። ከገጠር መጥቶ በዳርቻ ከተማ ለአራት አንዲት ክፍል የተከራየ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ለእንዲህ ያለው ሻጭ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው በር እሳት ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር አቀናጃለሁ ያለው ማስተር ፕላን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጭምር የሚነካ ነበር፤ በ2006 ከዚያም በ2008 ኦሮሚያን ያነሣሣው ተቃውሞ ከዚህ ተነሣ። ከምዕራብ ሸዋ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ ነሐሴ 15 ቀን 2008 በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ያሳየው ይህንን ነው። አንድ ሯጭ በመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን በመንግሥት ላይ አካሉን ምልክት አድርጎ ያቆመበት ቅጽበት በመሆኑ ከማሞ ሌሊት ጋር ቢነጻጸር ብዙ ያስተምራል፤ እጆቹ ባዶ ነበሩ። ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት ማግስት፣ በሰበታ ፋብሪካዎች ጋዩ። ተቃዋሚው የት ላይ አብቅቶ ዘራፊው የት ላይ እንደ ጀመረ ያን ሰሞን መንግሥት ሊለይ አልፈለገም፤ ሁሉንም በአንድ ስም ጠራው። ካድሬ የተቆጣን ሕዝብና የተደራጀን ወሮበላ መለየት ሲያቅተው የሚጠቀመው ወሮበላው ነው።

ያ የተጠቀመ ወሮበላ በቡራዩ ታየ። ከመስከረም 4 እስከ 6 ቀን 2011 አሸዋ ሜዳን በመሳሰሉ ሰፈሮች ዱላና ስለት የያዙ የወጣት ቡድኖች በተለይ የጋሞና የዶርዜ ሸማኔዎችን ከቤታቸው እያወጡ ደበደቡ፣ ገደሉ፣ ዘረፉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር 58 አድርሶታል፤ ሺዎች ወደ አዲስ አበባ ሸሹ። በአርባ ምንጭ የሟቾቹ ወገን ወጣት ለበቀል ሲነሣ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከታዩት የአካል ምልክቶች ሁሉ፣ ከየትኛውም የድል ሰላምታ ይልቅ፣ ያ መንበርከክ ይበልጣል።

በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በሻሸመኔና በዝዋይ የወጣው እሳት የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሆቴሎችም በላ። አቃጣዮቹ መካከል ኃይሌ ሲሮጥ በራዲዮ እየሰሙ ያደጉ አባቶች ልጆች ሳይኖሩ አልቀሩም። በኅዳር 2014 ደግሞ ኃይሌና ፈይሳ ሁለቱም ወደ ጦር ግንባር ለመዝመት ዝግጁ መሆናቸውን ተናገሩ፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። ሯጭና ጠብመንጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደገና ተገናኙ፤ የክብር ዘበኛው ሰፈር ከፈረሰ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ።

የመስቀል አደባባይ የቀድሞው አብዮት አደባባይ ነው። ጠርሙሶቹ የተሰበሩት እዚያ ነው። የታላቁ ሩጫ ተሳታፊዎች በአንድ ዓይነት ካናቴራ የሚሰለፉትም እዚያ ነው፤ ከ2002 ጀምሮ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በጥጉ ቆሟል፤ በግድግዳውም ላይ የልጆች ፎቶግራፎች በረድፍ ተሰቅለዋል። ታላቁ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በኅዳር 1994 ሲካሄድ አሥር ሺህ ሰው ሮጠ። የሜክሲኮው ባለ ወርቅ በዚያ ቀን እስር ቤት ነበር።

ፍርዱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ከተከሰሰበት ባነሰ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት ፈረደበት። ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ ነበርና በዚያው ተለቀቀ። ልጁን ያጡት ወገኖች ስድስቱን ዓመት አነሰ ብለው፣ የማሞ ወዳጆች ዘጠኙን በዛ ብለው ከችሎቱ ወጡ። ጉበቱ ታሞ፣ አካሉ ከስቶ ወደ ቤቱ የገባው ሰው የኖረው አራት ወር ብቻ ነው። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. ሞተ። በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ከአበበ ቢቂላ አጠገብ ተቀበረ።